ስምንት ጥይት ማስረጃ አይሆንም

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሶደሬ፣ ፍል ውሃውና የአዋሽ ወንዝ ጎን ለጎን ናቸው። ለመዝናናት የሚመጣ እንግዳ ወንዙን አይቶ «አዞ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ትናንት ሰዎች ዋኝተው በሰላም ወጥተዋል» የሚል መልስ ቢያገኝ ምን ሊደመድም ይችላል? አስተዋይ ሰው ልብሱን አያወልቅም። በአዋሽ ውስጥ አዞ መኖሩ የታወቀ ነው። የትናንቶቹ ዋናተኞች በሰላም መውጣት የሚያስረዳው አዞው በዚያች ሰዓት በዚያች ቦታ እንዳልነበረ፣ ወይም እንዳልራበው ብቻ ነው።

በወንዝ ዳር ሁላችንም የምናውቀውን ይህን ጥበብ በሽጉጥ ላይ ስንደርስ እንዘነጋዋለን። ለጥበቃ ሥራ ሽጉጥ ተገዝቶ ይመጣል፤ ጥይቱ ደግሞ ከሌላ ፋብሪካ፣ በሌላ ጊዜ ይገኛል። ኃላፊው አንድ ካዝና ሞልቶ ስምንቱንም ይተኩሳል። አንዱም አልከሸፈም። «ይሠራል» ተብሎ ለዘበኛው ይሰጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሠራር ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ማሳየትና የተሻለው መንገድ ብዙ ገንዘብ እንደማይጠይቅ ማስረዳት ነው።

ሽጉጥና ጥይት አንድ ማሽን ናቸው

ብዙ ሰው ሽጉጡን እንደ ማሽን፣ ጥይቱን ደግሞ እንደ ምግቡ አድርጎ ያስባል። ቋንቋችንም «ጥይት አጎረሰ» እያለ ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክራል። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን ጥይቱ የማሽኑ አንድ ክፍል፣ እንዲያውም ሞተሩ ነው። በአገራችን በሰፊው የሚታወቀውን ማካሮቭ ሽጉጥ እንመልከት። የአረሩ ክብደት 6 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ እየተምዘገዘገ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 1.9 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ የሚሆን የእንቅስቃሴ መጠን ይገኛል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ይህን የሚያህል የእንቅስቃሴ መጠን ወደኋላ ይመለሳል። የሽጉጡ ተንሸራታች የላይ ክፍል 300 ግራም ይመዝናል ብንል፣ በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ወደኋላ ይንደረደራል። በዚህ ጉዞው ባዶውን ቀለህ ይመነጭቃል፤ ሞላውን ይጫናል፤ ሲመለስም ቀጣዩን ጥይት ከካዝናው ገፍቶ ያጎርሳል።

እዚህ ላይ የጥይቱ ድርሻ ግልጽ ይሆናል። ባሩዱ የሚሰጠው የእንቅስቃሴ መጠን በ10 በመቶ ቢቀንስ የተንሸራታቹ ፍጥነትም በ10 በመቶ ይቀንሳል። ሞላውን የሚጫነው ጉልበት ግን የፍጥነቱን ካሬ ስለሚከተል 19 በመቶ ያህል ይጎድላል። ተንሸራታቹ ሙሉ ጉዞውን ሳይጨርስ ሊመለስ፣ ቀለሁም በመውጫው ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ያው ሽጉጥ፣ በያው ቀን፣ በሌላ ፋብሪካ ጥይት አንድም ጊዜ ላይቆም ይችላል። ስለዚህ «ይህ ሽጉጥ አስተማማኝ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ያልተሟላ ነው። የተሟላው «ይህ ሽጉጥ ከዚህ ጥይት ጋር አስተማማኝ ነውን?» የሚለው ነው።

ስሙ አንድ፣ ልኩ ሌላ

በታሪካችን ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፅ ጦር ብዙ የሬሚንግተን ጠመንጃዎችን ማረከ። በኋላም ውጅግራ እያልን የምንጠራው የፈረንሳዩ ግራስ ጠመንጃ በብዛት ገባ። ሁለቱም በደፈናው «11 ሚሊ ሜትር» ሊባሉ ይችላሉ። የቀለሃቸው ርዝመትና ቅርጽ ግን የተለያየ በመሆኑ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው የጠመንጃ ዓይነት ብዙ ነበር። ለዚያ ሁሉ ጠመንጃ የየራሱን ጥይት ማዳረስ ምን ያህል ብልሃት እንደጠየቀ መገመት አያዳግትም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአገራችን በርካታ ቦታዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የገንዘብ ዝርዝር ሆኖ ያገለግል ነበር። በገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ጥይት በዝናብ፣ በፀሐይና በላብ ያረጃል። ዋጋው በገበያ ላይ አንድ ዓይነት ቢሆንም በጦር ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

ዛሬም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የማካሮቭ ጥይት «9 ሚሊ ሜትር» ይባላል፤ በምዕራባውያን ሽጉጦች የሚሠራበት የፓራቤለም ጥይትም «9 ሚሊ ሜትር» ይባላል። የመጀመሪያው ቀለህ ርዝመት 18፣ የሁለተኛው 19 ሚሊ ሜትር ነው። የአረሮቻቸው ውፍረትም በሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያል። የፓራቤለሙ ግፊት ደግሞ እጅግ የበረታ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ከክሽፈት አልፎ ለአደጋ ያጋልጣል።

ባሩድ ሲለወጥ ፈተናም ይለወጣል

ጠመንጃውን ፈትኖ ጥይቱን መለወጥ ምን እንደሚያስከትል ዓለም በብዙ ሰው ሕይወት ተምሮታል። የአሜሪካ ጦር ኤም 16 የተባለውን ጠመንጃ ለቬትናም ጦርነት ሲያዘጋጅ መሣሪያው የተሠራውና የተሞከረው በአንድ ዓይነት ባሩድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን ጥይቱ በሌላ ዓይነት ባሩድ እንዲሞላ ተወሰነ። አዲሱ ባሩድ የጠመንጃውን የአተኳኮስ ፍጥነት ከመጠን በላይ ከፍ አደረገው፤ ቆሻሻም ይተው ነበር። በዚህ ላይ የጽዳት ዕቃ እጥረትና የጥይት ማጉረሻው በክሮም አለመለበጥ ተጨመሩ። ወታደሮች ጠመንጃቸው በእጃቸው ላይ እየቆመ ሞቱ። ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1967 የመረመረው የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ የባሩዱን ለውጥ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ አቅርቦታል። ጠመንጃው ፈተና አላጣም፤ የተፈተነው ግን ወታደሮቹ ከተሰጣቸው ጥይት ጋር አልነበረም።

የዜሮ ሂሳብ

አሁን ወደ ስምንቱ ጥይቶች እንመለስ። አንድ ሽጉጥ ከአንድ ጥይት ጋር ሲጣመር በአማካይ ከ50 ተኩስ አንዱ ይከሽፋል እንበል። ይህ ለጥበቃ ሥራ ፈጽሞ ተቀባይነት የሌለው መጠን ነው። እያንዳንዱ ተኩስ በሰላም የማለፍ ዕድሉ 0.98 ነው። ስምንቱም በተከታታይ በሰላም እንዲያልፉ ያለው ዕድል 0.98 ስምንት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 0.85 ነው። እንግዲህ ይህ መጥፎ ጥምረት ከመቶ 85 ጊዜ የአንድ ካዝና ፈተናን ያልፋል ማለት ነው! 50 ጥይት ብንተኩስበት እንኳ ከመቶ 36 ጊዜ ያህል ያለ ክሽፈት ያልፋል።

ለዚህ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት «የሦስት ሕግ» የሚሉት ቀላል መመሪያ አለ። በተከታታይ ተኩሰን አንድም ክሽፈት ካላየን፣ ሦስትን ለተኩሱ ብዛት እናካፍል። ውጤቱ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልንናገረው የምንችለው የክሽፈት ጣሪያ ነው። 150 ጥይት ያለ ክሽፈት ካለፈ ክሽፈቱ ከ2 በመቶ አይበልጥም እንላለን፤ 200 ካለፈ ከ1.5 በመቶ አይበልጥም እንላለን። ከሺህ አንድ አይበልጥም ለማለት 3,000 ጥይት ያለ አንዳች ክሽፈት መተኮስ አለበት። 1.5 በመቶ ትንሽ መስሎ ለሚታየው አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ፤ በዚህ መጠን የሚከሽፍ ጥምረት ከ9 ካዝና በአንዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቆማል።

የቀደሙት መሐንዲሶች ይህን በሥራ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 የአሜሪካ ጦር የኮልትና የሳቬጅ ፋብሪካዎችን ሽጉጦች ሲያወዳድር በእያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት አስተኩሷል። ሳቬጅ 37 ጊዜ ሲስተጓጎል ኮልት አንድም ጊዜ አልቆመም። ከሰባ ዓመታት በላይ በሥራ ላይ የቆየው ኮልት የተመረጠው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው። በእኛ ሕግ ስናሰላው የክሽፈቱ ጣሪያ ከ2,000 አንድ ነበር፤ ያውም ለዚያ ሽጉጥ፣ ከዚያ ጥይት ጋር፣ በዚያ ሁኔታ።

የሶደሬ ፀሐይ፣ አቧራና እንፋሎት

«በዚያ ሁኔታ» የምትለዋ ሐረግ ወደ ስምጥ ሸለቆ ትመልሰናለች። አንዳንዶች የቦታ ከፍታ የሽጉጥን አሠራር ይለውጣል ይላሉ። ሂሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። በሶደሬ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በ15 ኪሎ ፓስካል ገደማ ያንሳል። በማካሮቭ ጥይት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ግን እስከ 160 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል፤ ልዩነቱ ከዐሥር ሺህ አንድ እጅ ብቻ ነው።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። አንደኛው ሙቀት ነው። በቀትር ፀሐይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ባሩድ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነድዳል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ለረጅም ጊዜ በሙቀት ከቆየ ደግሞ በውስጡ ያለው ማረጋጊያ ንጥረ ነገር ያልቃል፤ ባሩዱም ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ሁለተኛው አቧራ ነው። የአካባቢው አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ በመሆኑ ጥቃቅን የመስታወት ስባሪ አለበት። ይህ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ የማለስለሻ ሳይሆን የመሞረጃ ሥራ ይሠራል። ሦስተኛው አቀማመጥ ነው። በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ አገር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ የተቀመጡ የነሐስ ቀለሆች በራሳቸው ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ከእርጥበትና በብረቱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር ተባብሮ መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ጥይቱን ከብት በሚያድርበት ቤት ጣራ ሥር የሚያስቀምጥ ገበሬ ይህን ቢያውቅ በእጅጉ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ በቀዝቃዛ አገር ቤተ ሙከራ የተገኘ ማረጋገጫ ለሶደሬ ዘበኛ በቀጥታ አይሠራም። ፈተናው መሣሪያው በሚውልበት ሙቀትና አቧራ ውስጥ መደገም አለበት።

«ጥይት ውድ ነው» ለሚሉ

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «አስተማማኝ መሣሪያ የበለጠ ይገድላል፤ ሳይንስ ለምን በዚህ ይደክማል?» የሚል ነው። ሐሳቡን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ የማይታመን መሣሪያ ምንጊዜም ጸጥ የሚል መሣሪያ አይደለም። ምላጩ ተስቦ ዝም ያለ ጥይት ከአፍታ በኋላ ሊፈነዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ አፈሙዙ ወደ ማን እንደሚያይ ማንም አያውቅም። ባሩዱ የደከመ ጥይት አረሩን በአፈሙዙ ውስጥ ቀርቅሮ ከተወው ቀጣዩ ተኩስ ሽጉጡን ሊሰነጥቀው ይችላል። የጦር መሣሪያን ማን፣ በምን ሁኔታ ሊይዝ እንደሚችል በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ተደንግጓል። በሕግ የታጠቀው ሰው የያዘው ዕቃ እንደታሰበው መሥራቱ ደግሞ ለእርሱም፣ በአጠገቡ ለሚያልፈውም ደኅንነት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነው። ሦስት ዓይነት ሽጉጥና አራት ዓይነት ጥይት ያለው ድርጅት 12 ጥምረቶች አሉት። እያንዳንዱን በ3,000 ጥይት ቢፈትን 36,000 ጥይት ያስፈልገዋል። ይህ በእርግጥ የማይቻል ነው። ነገር ግን ስሌቱ ራሱ መፍትሔውን ይነግረናል፤ ጥምረቶቹን እንቀንስ። አንድ ዓይነት ሽጉጥና አንድ ዓይነት ጥይት የመረጠ ድርጅት ሥራው ወደ ዐሥራ ሁለተኛው እጅ ይወርድለታል። ከዚህም ሌላ ጥይት በሥልጠና ላይ ዘወትር ይተኮሳል። የሚባክነው ጥይቱ ሳይሆን መረጃው ነው። የሽጉጡ ቁጥር፣ የጥይቱ ፋብሪካና የምርት ምድብ፣ የተተኮሰው ብዛት፣ የክሽፈቱ ዓይነትና የዕለቱ ሙቀት በአንድ ተራ ደብተር ላይ ቢመዘገቡ፣ ሃያ ሰልጣኞች እያንዳንዳቸው 150 ጥይት ሲተኩሱ 3,000ው ይሞላል። ዋጋው የደብተርና የእርሳስ ብቻ ነው። የምርት ምድቡ ሲለወጥ ግን ቆጠራው ከአንድ መጀመር አለበት፤ የቬትናሙ ትምህርት ይህ ነውና።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ማንም መሣሪያ እንዲነካ አልመክርም፤ ፈተናው በሕግ ሥልጣን ያላቸው ባለሙያዎች በተከለለ ቦታ የሚያካሂዱት ነው። ደብተሩን ማንበብ፣ ስሌቱን መሥራት፣ ውጤቱን ለሚመለከተው ማስረዳት ግን የእናንተ ሙያ ነው። በአዳማም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉ የፊዚክስና የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍሎች ይህን አገልግሎት ለፖሊስ ማሠልጠኛዎችና ለጥበቃ ድርጅቶች ቢያቀርቡ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም። «መክሸፍ» የሚለው ቃላችን ከጥይት አልፎ ለዕቅድም፣ ለትምህርትም፣ ለሕይወትም የምንጠቀምበት ሆኗል። ለጄኔሬተርም፣ ለውሃ መሳቢያ ፓምፕም፣ ለሐኪም ቤት መሣሪያም ጥያቄው አንድ ነው፤ ስንት ጊዜ ተሞከረ? በምን ሁኔታ? ስንት ጊዜ ከሸፈ? እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ሊሰጠን የማይችል ሰው «ይሠራል» ሲለን፣ ማስረጃውን እስኪያመጣ ድረስ ቃሉን እንደ ምኞት እንቁጠረው።