ስለ ሰንበት ማዕድ፤ ለሰባኪውም ለባለ መኪናውም የተሰጠ መልስ

በአንድ ደብር ዐውደ ምሕረት ላይ አንድ ሰባኪ ቁሞ፥ በቅዳሜና በእሑድ ልጆቹን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ወይም ወደ እንጦጦ ዱር የሚወጣውን፥ ዶሮ አሠርቶም ከዘመዶቹ ጋር የሚበላውን ሁሉ «ሆዱን ያመለከ» እያለ ሲገሥጽ ሰማሁ። ሕዝቡ ራሱን ደፍቶ አዳመጠ፤ ስብከቱ ካለቀ በኋላ ግን ብዙዎቹ በየመኪናቸው ገብተው ወደ ተገሠጹበት ስፍራ ሄዱ። ሰባኪውም ከአንድ ባለጸጋ ቤት ለምሳ ተጠርቶ ነበርና ወደዚያ ሄደ። እኔም ተጠርቼ ነበርና ሄድሁ፤ ዶሮውም፥ እውነቱን ለመናገር፥ እጅግ መልካም ነበረ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ምሳ ነው። ሰባኪው ነውር የሌለበትን ነገር ነውር ብሎ ገሠጸ፤ በዚያ ቤት በዐይኑ ፊት የነበረውን ነውር ግን ሳያየው በልቶ ተነሣ። እኔም እንደ እርሱ በልቼ ተነሥቻለሁና ብቻውን አልከስሰውም።

አስቀድሞ ስለ ደስታው እንናገር። በሰንበት መደሰት ክፉ ነው የሚል ሰው ሥርዓታችንን በሚገባ አልተመለከተም። ከቀዳም ሥዑር በቀር በሁለቱ ሰንበታት እህል ሳይቀምሱ መዋል አልተፈቀደም፤ በዐቢይ ጾም ስንኳ ሥጋውና ቅቤው ይቀራል እንጂ ከቅዳሴ በኋላ ማዕድ ይቀርባል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር፥ በሐይቁ ዳር ያሉት ባለ ምግብ ቤቶች ደስ ቢላቸውም ባይላቸውም፥ ዛሬ አልገባበትም።) በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ሕጉን ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ፥ ቀኑ የተቀደሰ ነውና ልቅሶውን ትተው እንዲበሉና እንዲጠጡ ታዘዙ፤ ምንም ላልተሰናዳለት ሰው ድርሻውን እንዲልኩለትም ተነገራቸው። ጌታችንም የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በሰርግ ቤት ነው።

እኔ ግን ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ በፊት በሆዴ ነው። በቅኔ ቤት ሳለሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምለምነው የደረቀ ቍራሽ ነበር፤ እርሱንም አንዳንዴ ውሻው ይከለክለኝ ነበር። በእሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ተረኛ ድፎ ዳቦውን፥ ንፍሮውንና ጠላውን ይዞ ወደ ደጀ ሰላም ይመጣል፤ ካህኑ ባርኮ ይቈርሰዋል፤ ባለጸጋውም ነዳያኑም እኛም ተማሪዎች አብረን ተቀምጠን እንበላለን። ያን ዳቦ ከበላሁ በኋላ የቈጠርሁት ቅኔ ተርቤ ከቈጠርሁት ይሻል ነበር፤ የኔታ ግን በዚህ ነገር አይስማሙም ነበር። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በገዛ ቅጥሯ ውስጥ የሰንበትን ማዕድ ዘርግታ ሳለ፥ ሰው በቤቱ ቢዘረጋው ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ከልጆቹ ጋር ቢቈርሰው ምኑ ያስነቅፈዋል?

የከተማችን ሰዎች ደግሞ ሁለቱን የዕረፍት ቀኖች «ዊክኤንድ» እያሉ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ዕቃ ያደርጉአቸዋል። በአሜሪካ ሄንሪ ፎርድ በመኪና ፋብሪካው የአምስት ቀን ሥራን ያቆመው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ነው። በእኛ አገር ግን በዚያው አቈጣጠር በ1352 አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር በማለታቸው ተሰደው በአርመን አገር ዐርፈዋል፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ስለዚሁ ነገር ብዙ ዘመን ከክህነት ተከልክለዋል፤ በመጨረሻም በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወስኗል።

ታዲያ አባቶቻችን ይህን ሁሉ መከራ የተቀበሉለት ዕረፍት የማን ዕረፍት ነው? የባለቤቱ ብቻ ነውን? ኦሪት ዘዳግም በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ ሰንበት ሲያዝ ወንድ ልጅንና ሴት ልጅን ቈጥሮ አይበቃውም፤ ሎሌውንና ገረዲቱን ለይቶ ይጠራል፥ በሬውንና አህያውን ስንኳ አይረሳም፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ ያሳስባቸዋል። ሲኖዶስ በተባለው መጽሐፋችን የሐዋርያት ሥርዓትም አገልጋዮች አምስት ቀን እንዲሠሩ፥ በቀዳሚትና በእሑድ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይችሉ ዘንድ እንዲያርፉ ያዝዛል። በሰንበት የሚከበረውን የሚያውቅ ካህን ይህን ያውቃል፤ ሲሰብክ ግን ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ወደዚያ ምሳ ልመለስ። ወደ ማዕዱ ስንቀርብ ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት ያህል የሚሆን የቤቱ ሠራተኛ እጄን አስታጠበችኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ልጄ፥ ዛሬ አስቀደስሽን?» አልኋት። «የለም አባቴ፤ ወጡ አይደርስም ነበር» አለችኝ። ውሃውን አፍስሳ አለፈች። እኛ ስለ ሰንበት ክብር እየተነጋገርን በላን፤ እመቤቲቱም ከእንግዶቹ ኋላ ቁማ እንጀራ ትጨምር ነበር እንጂ አንድ ጊዜ አልተቀመጠችም። «ይቀመጡ እንጂ» ያልናትም እጃችን በወጡ ላይ ሳለ ነው።

ዶሮ ወጥ የሚወድ ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ ምን እንደሆነ አያውቅም። ዶሮው ተለብልቦ፥ በዐሥራ ሁለት ብልት ተገንጥሎ፥ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኵርቱ ደቅቆ ይከተፋል፤ እንዳያርርም እየተማሰለ በዝግታ ይበስላል፤ እርሱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያ በርበሬው፥ ከዚያ ቅቤው፥ ከዚያ ዕንቍላሉ፤ እንጀራውም ከቀናት በፊት የተቦካ ነው። ከምሳው በኋላ ቡናው እስከ በረካ ይፈላል፤ ዕቃው ይታጠባል። ለምሳው አንድ ሰዓት የተቀመጥን እኛ የሁለት ሰው ሁለት ሰንበት በላን።

ባለ መኪናው ቤተሰቡን ይዞ በሚወጣበት ቀንም ነገሩ ብዙ አይለወጥም። ምሳውን በሌሊት ያሰናዳችው ወይ ቤት ጠባቂ ሆና ትቀራለች፥ ወይ ሕፃኑን አዝላ ትከተላለች፤ እርሱም «እርስዋም እኮ ተዝናናች» ይላል። ከዚህ የከፋው ግን በቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ከሥጋ ቤት ገብቶ ቍርጡን በአዋዜ የሚያወራርደው ነው፤ ልጆቹ በቤት ሽሮ ይበላሉ፥ እርሱ ማታ በሥጋ ሽታ ይገባል። ይህን ሰው ጥሬ ሥጋ በላህ ብዬ አልነቅፈውም፤ ብቻህን በላህ እንጂ።

«ደመወዝ እከፍላታለሁ» የሚለኝ ይኖራል። ደመወዙ ለሥራዋ ነው፤ ሰንበቷን ማን ሸጠልህ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለሠራተኛ በየሰባቱ ቀን ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ የቤት ውስጥ አገልግሎትን ግን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲገዛ ትቶታል። ክርስቲያን ግን ደንብ የሚጠብቅ ከሆነ ሲኖዶስን ለምን ያስተረጕማል?

ሌላውም «ሴቶቹ ራሳቸው ወንድ ወደ ጓዳ ሲገባ አይወዱም» ይለኛል፤ የማርታንም ታሪክ ያመጣብኛል። በማርታ ላይ የተሰበከውን ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እኔም ሰብኬአለሁ። ማርታን ስለ ድካሟ የምንወቅስ ሁላችን ወጡን ከበላን በኋላ የምንወቅስ መሆናችን አሁን በስተርጅና ታወቀኝ።

በእኔ ቤት ማዕዱ የቅዳሜ ነው። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ያህል ዓርብ ማታ ወጡን ስትሠራ ኖራለች፤ ዓርብ ጾም ስለሆነም ጨዉን ቀምሳ አታውቅም፤ በሽታው ትለካዋለች። ይህን ያወቅሁት በዚህ ዓመት ነው፤ ለዚያውም ስለ ጠየቅኋት። ከዚያ ምሳ በኋላ በነበረው ዓርብ ቢላዋውን ከእጇ ተቀበልሁ። «መሪጌታ፥ ደግሞ ምን ነካዎ?» አለች። ታላቁ ልጄ ዶሮውን አጠበ፥ እኔ ሽንኵርቱን ከተፍሁ፤ ልጆቹ በዕንባዬ ሳቁብኝ። በማግስቱ የቤታችን ሠራተኛ ከባለቤቴ ጋር አስቀድሳ መጣች፤ እጃቸውን ያስታጠብሁ እኔ ነኝ። ልጅቱ አፍራ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጨዉን የጨመርሁት እኔ ስለሆንሁ ማንም ደፍሮ አልተናገረም፤ ባለቤቴ ብቻ ሁለት ጊዜ ውሃ አስመጣችኝ።