የሳቅ ዋጋ

ሳቅ ለሚስቀው ሰው በነጻ የተሰጠ ይመስላል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን አሣቂው ነው። እንግሊዛዊው ተዋናይ አርተር ሎው ለዚህ ምስክር ይሆነናል።

ሎው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በመካከለኛው ምሥራቅ ሳለ ለጓዶቹ ቴአትር ማሳየት ጀመረ፤ በ1945 ዓ.ም. በማንቸስተር መተዳደሪያው አደረገው። በመድረክና በቴሌቪዥን ብዙ ከደከመ በኋላ ግን ዝናው የገነነው በ1968 ዓ.ም.፣ በ52 ዓመቱ፣ «ዳድስ አርሚ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት ነው።

በዚያ ሻምበል ማነሪንግን ሆኖ ይታያል። ማነሪንግ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በጦርነቱ ዘመን የከተማውን ዘብ እያዘዘ ደረቱን ይነፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይዋረዳል። እኛም የገዛ ኩራታችንን በእርሱ ላይ አይተን እንስቃለን። ሆኖም ጠላት ቢመጣ ከስፍራው እንደማይሸሽ ስለምናውቅ እንወደዋለን። ሎው ይህን ሚዛን እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ በ80 ክፍሎች ጠበቀ።

በሚያዝያ 1982 ዓ.ም. በበርሚንግሃም፣ የማታው ቴአትር ሳይጀመር፣ በልብስ መለወጫ ክፍሉ ውስጥ ወደቀ፤ በ66 ዓመቱም ዐረፈ። በዚያው ቴአትር አብራው ትሠራ የነበረችው ባለቤቱ ጆአን ኩፐር ሥራዬን አላጓድልም ብላ ወደ ቤልፋስት ስለ ሄደች፣ በቀብሩ አልተገኘችም። ይህን ጭካኔ የሚለው ሰው ይኖራል፤ እኛ ግን ለመፍረድ አንቸኩልም።

እንግዲህ ማታ ከልጆቻችን ጋራ ተቀምጠን ስንስቅ፣ ያ ሳቅ በስንት ዓመት ድካም እንደ ተገዛ እናስብ።