የሌለ ቤት ኪራይ

ዛሬ ስለ ፓርቲና ስለ ምርጫ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ቤት ኪራይ ነው። «ይህ ደግሞ ምኑ ፖለቲካ ነው?» የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። በዚህች ሀገር ከቤት የበለጠ ፖለቲካ ያለበት ነገር እኔ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ፣ መርሳን አልፈው ወደ ውጫሌ ሲያቀኑ፣ ውርጌሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እትብቴ የተቀበረው እዚያ ነው። አንዲት የአገሬ ልጅ በፋርማሲ ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ቀጣሪ አገኘች። መቼም ሥራ ከተገኘ ቀጥሎ የሚታሰበው ማደሪያ ነው። በቴሌግራም ስታስስ ይህን አነበበች፦ «ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ውኃ የማይጠፋበት። ባለቤቱ ውጭ አገር ስለሆነ በወንድሙ በኩል የሚከራይ። ደላላ የለም።» ዋጋው አካባቢው ከሚጠይቀው ከእኩሌታ በታች፣ በወር 8 ሺህ ብር ነበር። የአራት ወር ቅድሚያ ተጠየቀች። «እህቴ፣ ሌላ ሰው ዛሬ ማታ ቀብድ ሊያስይዝ ነው፤ የአገር ልጅ ስለሆንሽ ነው የጠበቅሁሽ» አላት ሰውዬው። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ታላቅ እህቷ ገንዘቡን ላከችላት፤ እርሷም ከውርጌሳ ሆና 32 ሺህ ብር ወደተሰጣት ሒሳብ አስተላለፈች።

አዲስ አበባ ገብታ ሻንጣዋን እየጎተተች የተባለችው ሕንፃ ደረሰች። ሕንፃው አለ፣ ሦስተኛው ፎቅ አለ፣ በሩም አለ። በሩን የከፈተችላት ግን ልጅ ያዘለች፣ በዚያ ቤት አራት ዓመት የኖረች ወይዘሮ ነበረች። «የኔ እናት፣ በዚህ ሳምንት አንቺ ሦስተኛዋ ነሽ» አለቻትና ውኃ አጠጣቻት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንባቢ ሊገምተው ይችላል። አንዱ ፖሊስ ጣቢያ «ገንዘቡን የላክሽው ከየት ሆነሽ ነው? እንግዲያው እዚያው ሄደሽ አመልክቺ» አላት። እዚያው ስትጠይቅ ደግሞ «ተጠርጣሪው ያለው አዲስ አበባ ነው» ተባለች። ባንኩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠየቀ። ትእዛዙን ለማግኘት ምርመራ መከፈት አለበት፤ ምርመራው የሚከፈተው ግን የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም። ሒሳቡ በዚያው ዕለት ተሟጦ ወጥቶ ነበር።

ይህን ሳወራ ከወዳጆቼ አንዱ፣ የተማረና መልካም ሰው ነው፣ ሳቅ ብሎ «ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ቤቱን ሳታይ እንዴት ትከፍላለች?» አለኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከአጭበርባሪው ይልቅ ይህ ሳቅ ነው። ባለሥልጣናቱም የሚሉን ከዚህ የተለየ አይደለም። «ኅብረተሰቡ ራሱን ከአጭበርባሪዎች ይጠብቅ» ይሉናል። መልካም ምክር ነው። ግን ኅብረተሰቡ ራሱን የሚጠብቀው በምን ለይቶ ነው?

እስቲ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። «ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ከጠየቀሽ ተጠራጠሪ» እንበላት? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ለሁለት ዓመት ያላነሰ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም ያዛል። ታዲያ ሐቀኛ የምንለው አከራይስ? ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ቅድሚያ ይጠይቃል፤ እኛም እንከፍላለን። «ውል ለመጻፍ ካልፈለገ ተጠራጠሪ» እንበላት? ሐቀኛው አከራይ ሁለት ውል ይጽፋል። አንዱ ለወረዳውና ለግብር ሰብሳቢው የሚታይ፣ ገንዘቡ ያነሰ፤ ሌላው በሁለቱ መካከል በቃል ወይም በቁራጭ ወረቀት የሚቀር፣ እውነተኛው። አጭበርባሪው የሚደበቀው በዚህ ጭጋግ ውስጥ ነው። እውነተኛው ገበያ ራሱ ሕግ እየጣሰ ሲሠራ፣ ሕግ መጣስ የሌባ ምልክት መሆኑ ይቀራል።

ሁለት ውል ሲነሣ እኛ የውርጌሳ ሰዎች ትዝ የሚለን ነገር አለ። ጎረቤታችን ውጫሌ ናትና። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ። አንድ ፊርማ፣ ሁለት ቃል። ነገሩ በዓድዋ እስኪፈታ ድረስ ስንት ሰው እንዳለቀ የማያውቅ የለም። ዳግማዊ ምኒልክ አልተማሩም ነበር፣ ሞኝ ነበሩ ብሎ የሚስቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የምንስቀው በፋርማሲስቷ ነው።

ስለ እጥረቱም ጥቂት ማለት ይገባል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ተከራይን ከባለቤት ጭቆና ማውጣት ዓላማው ነበር፤ የኪራይ ቅነሳውም ብዙ ድሀ አስደስቷል። ነገር ግን ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው በአንድ ሌሊት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የመጣው መንግሥት ሁሉ የሚያድለን ዕጣ ነው። ዕጣውም ቢሆን… በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ በኮምፒውተር አወጣ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያልቆጠቡ ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ ገብተው ስለተገኙ ዕጣው ተሰረዘ፤ ኃላፊዎችና የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ታሰሩ። መሐንዲስና ፕሮግራመር ያሉት የከተማ አስተዳደር በገዛ ኮምፒውተሩ ከተታለለ፣ በእጅ ስልኳ የምትፈልግ የውርጌሳ ልጅ ብትታለል የሚያስደንቀው ምኑ ላይ ነው?

«ቤቱን ሳታዪ አትክፈዪ» የሚለው ምክር የአዲስ አበባ ሰው ምክር ነው። ከውርጌሳ ተነሥቶ አንድ ክፍል ለማየት መምጣት የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢውን ሲያካልል ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሸሸው ሰው ቤት የሚመርጥበት ጊዜ አልነበረውም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ተከራይ ስለሚከራየው ቤት የሚያጣራበትም መንገድ አብሮ ተዘግቷል። ማስታወቂያውን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በስልክ ያነብለታል፤ ፎቶውን እንኳ አያየውም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ግን አንባቢን ባዶ እጁን መስደድ ነውር ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገር። ፎቶው ላይ የሶኬቱን ቀዳዳ እዩ። የእኛ ቤት ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ካለው ፎቶው ከዱባይ ወይም ከእንግሊዝ ሳይመጣ አልቀረም። ፎቶውን ጉግል ላይ አስገብቶ ሌላ የት እንደወጣ መፈለግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ገንዘብ ስታስተላልፉ፣ በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ፣ ከማጽደቃችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል፤ ያ ስም ከአከራዩ መታወቂያ ጋር ካልገጠመ እዚያው አቁሙ። «የወንድሜ ሚስት ሒሳብ ነው» የሚል ማብራሪያ አትቀበሉ። «ወኪል ነኝ» ያለውን የውክልና ሰነዱን ቁጥር ጠይቃችሁ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት አጣሩ። የመብራት ደረሰኙ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ዘመድ ላኩ። ዘመዱ ቤቱን ማየቱ ብቻ አይበቃም፤ ቁልፍ ይዞ ቤት የሚያሳይ ሌባም አለና፣ ለጥቂት ቀን የተከራየውን ቤት ለአምስት ሰው አከራይቶ ይሰወራል። ዘመዳችሁ ጥበቃውን፣ ጎረቤቱንና የጋራ ሕንፃውን ኮሚቴ ይጠይቅ፤ በር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቡና አፍይ ከአሥር ሰነድ የበለጠ ታውቃለች። «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» የሚል ካለ፣ ይምጣ በሉት።

የማጭበርበሪያው ሥልት የእኛ ፈጠራ አይደለም። ናይጄሪያውያን በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ ቁጥር «419» ብለው የሚጠሩት የቅድሚያ ክፍያ ማታለል ዓለምን ያዳረሰ ነው። የእኛው የከፋው፣ ድሮ የነበረንን መከላከያ ጥለን ሌላ ሳንተካ በመቅረታችን ነው። በአባቶቻችን ዘመን ሌባው ሲሰወር አገሩ ሁሉ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። በወሎ ደም እንኳ በአበጋር ይታረቅ ነበር። ውርጌሳ ገበያ ላይ ያለ ደላላ አታላይ ሊሆን ይችላል፤ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፣ ዋስ ይጠራል። የቴሌግራሙ ደላላ ዋስ የለውም። ወደ አውጫጭኝ እንመለስ አልልም፤ ንጹሑን ከሥራ ፈትቶ የሚያውል ክፉ ገጽታም ነበረው። በምትኩ የቆመው መንግሥት ግን ሥራውን ይሥራ።

ሕግ አልጠፋም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አታላይነትን በአንቀጽ 692 ይቀጣል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒውተር አማካይነት ማታለልን ወንጀል አድርጎታል። ይሁንና ስለ ኮምፒውተር ወንጀል ምርመራ የምንሰማው በአመዛኙ አንድ ጋዜጠኛ ወይም ጦማሪ በጻፈው ነገር ሲያዝ ነው። ያን ጊዜ «ወንጀሉ የተፈጸመው በየትኛው ጣቢያ ክልል ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ አልሰማንም፤ የስልኩ ባለቤት በሰዓታት ውስጥ ይገኛል። ችሎታው እንዳለ በዚህ እናውቃለን። ያነሰው 32 ሺህ ብር የጠፋባትን ሴት እንደ ተበዳይ የመቁጠር ፈቃድ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ውሉ የሚመዘገበው ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ሌባው ደግሞ የሚሠራው ከመፈረሙ በፊት ነው። ስለዚህ ተከራይ የቤቱን ቁጥርና የአከራዩን የፋይዳ ቁጥር አስገብቶ «ይህ ሰው ይህን ቤት የማከራየት መብት አለው ወይስ የለውም?» ብሎ አዎን ወይም አይደለም የሚል መልስ የሚያገኝበት መስኮት ይከፈት። ቅድሚያው ክፍያ ተከራዩ ቁልፉን ተረክቦ እስኪያረጋግጥ በባንክ ይያዝ፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተከራይን መያዣ ገንዘብ በተፈቀደ የጥበቃ ሥርዓት ሥር እንዲሆን አስገድዳለች፤ እንግሊዝ የቻለችውን የእኛ ባንኮች የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም። አቤቱታም ተበዳዩ ባለበት ጣቢያ ይመዝገብ፤ መዝገቡን ማመላለስ የፖሊስ እንጂ የተበዳይ ሥራ አይደለም።

ልጅቱ አሁን ከሦስት ሴቶች ጋር አንዲት የጭቃ ቤት ተጋርታ ትኖራለች። የዚያች ቤት ባለቤትም የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብለዋታል፤ ውል ግን አልጻፉላትም። ለእህቷ እስካሁን አልነገረቻትም። እህቷ በየሳምንቱ ከሪያድ እየደወለች «ቤቱ ውኃ አለው ወይ?» ትላታለች፤ እርሷም «አለው፣ እቴቴ» ትላለች።