«ግብሩ የእናንተ ነው» ይሉናል
በጅቡቲ ሐሩር ፍራንክ አጠራቅመን ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ቤት ልንገዛ ስንሄድ፣ ሻጩ «እኔ የተጣራ ብር ነው የምፈልገው፣ ግብሩ የእናንተ» ይለናል። የ1990ው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ ይጠይቃል። የንግድ ሕንፃ ሲሸጥ ደግሞ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ በሻጩ ትርፍ ላይ 15 በመቶ ጥሏል። ሻጩ ላይ የተጣለውም ዞሮ እኛው ዋጋ ላይ ይደመራል፤ ቤት በጠፋበት ከተማ ማን ይከራከረዋል?

ደላላው ታዲያ «ስሙ ይቆይ፣ በውክልና ያዙት» ይላል። ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደሚያበቃ ግን አይነግረንም! ወራሾች በር ሲያንኳኩ እኛ ያለነው ጅቡቲ ነው።

ቤት በተሸጠ ቁጥር ከመቁረጥ፣ ባለቤቱን በየዓመቱ ጥቂት ማስከፈል ይሻላል እንላለን። ዘግቶ ዋጋ የሚጠብቀውም ያኔ ለመሸጥ ይቸኩላል።