«ሰብር አድርጊ» ሕክምና አይደለም

ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ናት። በግ ይታረድላታል፣ ጎረቤት ለዚያራ ይጎርፋል። በሁለተኛው ወር «ምነው ይህች ልጅ መኝታ አበዛች?» ይባላል። በሦስተኛው ወር «ጂን ነው» የሚሉና «ሥራ ጠልታ ነው» የሚሉ ሁለት ወገኖች ቤቱን ይከፋፈሉታል። በአራተኛው ፓስፖርቷ ይፈለጋል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ሁለቱንም ወገኖች ነው።

እስቲ ያለፈችበትን እናስላው። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ በጉልበት ተንበርክኮ የሚፈተግ ወለል፣ ውሃ የጠጣ ምንጣፍ፣ ቀኑን ሙሉ የሚታቀፍ ሕፃን። በረመዳንማ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ድስትና ሳህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳዑዲ ዐረቢያ የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። ደንቡ ቢከበር እንኳ 15 ሰዓት ይቀራል! ስንቱ ቤት ነው ያከበረው?

እንዲህ የከረመ አካል ዕዳውን ይዞ ይመጣል። በጀርባ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ይንሸራተትና ነርቭ ይጫናል፤ ሕመሙ ከወገብ እስከ እግር ይወርዳል። በመጭመቅና በመፈተግ ብዛት የእጅ አንጓ ነርቭ ይታፈንና ጣቶች ሌሊት ይደነዝዛሉ። በሙቀት ውስጥ ውሃ ሳይጠጡ መልፋት ኩላሊትን ይጎዳል። እንቅልፍ ያጣችና በወጉ ያልበላች ሴት የወር አበባዋ ሊቋረጥ ይችላል። ይህን ሁሉ «ጂን» ብሎ መጠቅለል ምን ይባላል? ጂን መኖሩን ቁርአን ነግሮናል፣ ሩቅያም ይቀራባት አላልንም። ግን የተንሸራተተ ዲስክ ሐኪም ይፈልጋል።

«ሰብር አድርጊ» የሚሉን ደግሞ የፋጢማን (ረ.ዐ) ታሪክ ያመጣሉ። እውነት ነው፤ እጇ በወፍጮ ቆስሎ አገልጋይ ስትጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመኝታ በፊት የሚባለውን ተስቢሕ፣ ተሕሚድና ተክቢር አስተማሯት። ነገር ግን ፋጢማ የፈጨችው በገዛ ቤቷ ነው። ነቢዩም ድካሟን ሰምተው ቤቷ ድረስ መጡ እንጂ ሰነፍ አላሏትም። ስለ ሌላ ሰው ጉልበት ሲሆን ትእዛዛቸው ሌላ ነው፦ በአቡ ዘር (ረ.ዐ) ሐዲስ አገልጋዮች ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም እንድናግዛቸው አዘዋል። አቡ ዳዉድ በዘገቡት ደግሞ ከአንድ አንሷሪ አትክልት ቦታ ገብተው አንድ ግመል ሲያለቅስ አይተው፣ ባለቤቱን ስለ ማስራቡና ስለ ማልፋቱ ገሥጸውታል። ለግመል የተሰማ አቤቱታ ለልጃችን ይነፈጋል?

ማገገሙ ይቻላል፤ የወራት ጉዳይ ነው እንጂ የሳምንት አይደለም። «ዝም ብለሽ ተኚ» ማለትም አያድናትም፤ ለረጅም ጊዜ መተኛት የወገብን ጡንቻ ያሰንፋል። በአጭር የእግር ጉዞ ትጀምር፣ ቀስ በቀስ ትጨምር፤ በማግሥቱ ከባሰባት ትቀንስ። ጄሪካን ማንሣትና ጎንበስ ብሎ መጋገር ለሌላው የቤተሰብ አባል ይሁን፤ ወንድሞቿ እጅ አላቸው! በቂ እንቅልፍ፣ ምስርና እንቁላል፣ ከተገኘም ፊዚዮቴራፒ። ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት፣ በጭኖቿ መካከል ከደነዘዛት ወይም ሽንቷ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ሐኪም ቤት ለነገ አይባልም።

ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰግድ «ገና በወጣትነቷ!» የሚሏት አክስቶችም አሉ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ታመው በጠየቁ ጊዜ መቆም ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው እንዲሰግዱ እንደተፈቀደላቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ የፈቀደውንም በሱረቱል በቀራ 185ኛው አንቀጽ እናነባለን። ፈጣሪ የሰጣትን ፈቃድ ጎረቤት የሚነሣት በምን ሥልጣን ነው?

አባቶች ሆይ! የቆርቆሮው ቤት በማን ላብ እንደተሠራ ሰፈሩ ያውቃል። የወገብ ምርመራ ሲታዘዝ ግን «ገንዘብ የለም» ይባላል፤ በዚያው ወር ለደላላ የሚከፈለው ብር ከየትም ተፈልጎ ይገኛል። መጀመሪያ ያ ብር ለምርመራው ይከፈል።