ዲጄ አሳላፊ ነው፣ ተከሳሽ አይደለም

መሐል ሜዳም ይሁን ሞላሌ፣ ራቤልም ይሁን ዓለም ከተማ፣ የዛሬ ሰርግ ያለ ስፒከር አይደምቅም። ዳሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ በጉ ታርዶ ሲያበቃ «ዲጄው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መልሱ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አነስተኛ ሚክሰር፣ ሁለት ስፒከርና በፍላሽ የታጨቀ ዘፈን ያለው ወጣት። ዘፈኑን ያውቃል፤ ማሽኑንም ያውቃል። ቤቱ ለብቻው ሆኖ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲያሸጋግር ምንም አይቸግረውም። ሰርገኛው ሞልቶ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ የዞረ ቀን ግን አፉ ይደርቃል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል።

ይህን ፍርሃት ብዙ ሰው የልጅ ነገር አድርጎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ከአንድ ልጅ ላብ ያልፋል። የመጀመሪያው ቀን ተሸማቆ፣ ተስቆበት ማሽኑን የሚሸጥ ልጅ በበዛ ቁጥር የአገሩ ሰርግ ከሩቅ በሚመጣ ዲጄ እጅ ይወድቃል። ከሩቅ የመጣው የሚያጫውተው ያለውን ነው። ጌራ ላይ ሽማግሌውን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ዘፈን የቱ እንደሆነ፣ መርሐቤቴ ላይ ሙሽራ ሲገባ ምን እንደሚባል ከየት ያውቀዋል? የአካባቢው ልጅ ፍርሃቱን ተሻግሮ እንዲቆም መርዳት የአካባቢውን ጨዋታ ማቆየት ነው።

ለጀማሪው የሚሰጡት ምክሮች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አይረቡም። አንደኛው «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይፈራም» የሚለው ነው። ልጁ ግን እየፈራ ነው። «አይፈራም» ሲባል ከፍርሃቱ በላይ ስለ መፍራቱ ማፈር ይጨመርበታል። ሁለተኛው «አንድ መለኪያ አረቄ ቅመስና ይለቅሃል» የሚለው ነው። አረቄ እጅን ያፍታታ ይመስላል፤ የሚወስደው ግን ዲጄ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ጆሮና ማስተዋል ነው። ድምፁ መቼ እንደበዛ፣ ሕዝቡ መቼ እንደሰለቸ የማያውቅ ዲጄ ደፋር ቢሆን ምን ይጠቅማል? ደግሞም በአረቄ የተጀመረ ድፍረት በሚቀጥለው ሰርግ ሁለት መለኪያ ይጠይቃል።

ሰውነት ሲፈራ የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከእጅና ከእግር ጫፍ ወደ ትልልቁ ጡንቻ ይሸሻል። ጣት የሚቀዘቅዘውና የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በመሐል ሜዳ ብርድ ላይ ይህ ሲጨመር እጁ ጭራሽ የሌላ ሰው እጅ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ እጅግ ተራ ነገር ነው። በርኖሱን ደርቦ፣ እጁን እሳት ሞቆ፣ ትኩስ ነገር ጠጥቶ መጀመር። ከብርድ የመጣውን መንቀጥቀጥ ከፍርሃት ቆጥሮ የተደናገጠ ልጅ ጥቂት አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ስያሜው ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ሰዎች በሌላ ሰው ፊት እንዲዘፍኑና ንግግር እንዲያደርጉ አድርጋ ነበር። ከመጀመራቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ብለው ጮክ ብለው የተናገሩት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ንግግር አደረጉ፤ «ፈርቻለሁ» ካሉትም የተሻለ ዘፈኑ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የጓጓ ሰው ልብም ይደልቃል፣ የፈራ ሰው ልብም ይደልቃል። የሚደልቅን ልብ «ተረጋጋ» ብሎ ከማስቆም «ጓጉተሃል» ብሎ አቅጣጫውን ማስቀየር ይቀላል።

ይህን የመንዝ አባቶች ያለ ጥናት ያውቁት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፉከራና ሽለላ ምንድን ነው? ሊዋጋ የተነሳ ሰው ደሙ ሲፈላ፣ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ብድግ ይላል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ ያቅራራል። መንቀጥቀጡ ወደ ሙቀት ይለወጣል። «ወንድ አይፈራም» የሚለው ሰው የፉከራን ቃል ይዞ ጥበቡን ረስቶታል። ፎካሪው የሚፎክረው ሰውነቱ አልረጋ ስላለው ነው።

ሆኖም የመንዝና የመርሐቤቴ ጀማሪ ዲጄ ከአዲስ አበባው የሚለይበት ነገር አለ። የአዲስ አበባው በማያውቁት ሰዎች ፊት ይቆማል። የእነዚህ አገሮች ልጅ ፊት ለፊቱ የተቀመጡት የንስሐ አባቱ፣ አጎቱ፣ የስድስተኛ ክፍል አስተማሪውና የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ስሙ ይሉኝታ ነው። ጀማሪዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ይሉኝታው እጥፍ ነው። በዚህ ላይ አሮጌው ንቀት አለ። አዝማሪን በሰርጉ እየጋበዘ፣ በግጥሙ እየተደሰተ፣ ልጁ አዝማሪ እንዳይሆን የሚሳል ማኅበረሰብ ለዘመናት ኖሯል። ማሲንቆው በላፕቶፕ ስለተተካ ንቀቱ አልጠፋም። «ተምሮ ተምሮ ዘፈን ከፋች ሆነ?» የሚለው ሐሜት ልጁ ጆሮ ይደርሳል። እንግዲህ ልጁ ስፒከሩ አጠገብ የሚቆመው ችሎት ፊት እንደቀረበ ተከሳሽ ነው።

በሰው ዓይን ላይ ያለውን ፍርሃት የሚያቃልል አንድ እውነት አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ አልብሶ ሰው ወደሞላበት ክፍል አስገባቸው። ተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሰው ያየናል ብለው ገመቱ። ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ሰርግ ላይም እንዲሁ ነው። ዲጄው ዘፈኑን ሁለት ሰከንድ አዘግይቶ ሲያስገባ ሰማይ የተደፋበት ይመስለዋል፤ ሰርገኛው ግን ጥብሱን እያነሳ፣ ከጎኑ ካለው ዘመዱ ጋር ስለ እርሻው እያወራ ነው።

ትልቁ መድኃኒት ግን ሌላ ነው፤ እሱም ዳሱ ውስጥ እየዞረ ነው። አሳላፊው ነው። ጠላ የሚያሳልፈውም የሰፈሩ ልጅ ነው፤ እሱም በዚያው ሁሉ ሰው ፊት ነው የሚዞረው። ለምን አይንቀጠቀጥም? ዓይኑ ራሱ ላይ ስላልሆነ ነው። የማን ዋንጫ እንደጎደለ፣ የትኛው ሽማግሌ እንዳልቀመሰ፣ የቱ እንግዳ ዘግይቶ እንደገባ ያያል። ዲጄም ሥራው ይኸው ነው። የሚያሳልፈው ዘፈን መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። «እንዴት እታያለሁ?» የሚለውን ትቶ «እነማን አልተጫወቱም?» ብሎ የጠየቀ ቅጽበት ችሎቱ ይፈርስና ግብዣው ይጀመራል።

አሳላፊ ደግሞ ሳይዘጋጅ ዳስ አይገባም። ዲጄው ከሰርጉ በፊት ቤተሰቡን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ሙሽሮቹ የሚገቡት ስንት ሰዓት ነው? ምርቃቱ መቼ ነው? ከሁለቱም ወገን ማን ምን ዘፈን ይወዳል? ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ ድምፁን ቀድሞ ዝቅ ያደረገ ልጅ የአዳራሹን ልብ ያኔውኑ ይዟል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ቀድመው ይወሰኑ፤ ተራቸው በወረቀት ይጻፍ። የፈራ አእምሮ አዲስ ነገር መምረጥ አይችልም፤ የተጻፈ ነገር ማንበብ ግን ይችላል። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ እጁ ሞቋል።

የምቱም ነገር አለ። አብዛኛው የእስክስታ ዘፈን ሙዚቀኞች ቺክቺካ በሚሉት በስድስት ስምንተኛ ምት ይሄዳል። አማፒያኖና አብዛኛው የውጭ ዘፈን በአራት አራተኛ ነው። ሁለቱን ልደባልቅ ያለ ጀማሪ የሕዝቡን ትከሻ መሃል መንገድ ላይ ይጥለዋል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋጤም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ዘፈኑን አስጨርሶ፣ በማይክ ሙሽሮቹን አንድ ሁለት ቃል አወድሶ፣ እልልታው ሳይበርድ ሌላውን መጀመር ይሻላል። ስህተት ሲፈጠርም በማይክ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። ያላየውን ሰው ማሳየት ይሆናል።

ዘፈኑ ሁሉ ፍላሽ ላይ ይሁን፤ ቅጂም ይኑረው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ማንም አይረሳም። በኢንተርኔት ዘፈን የተመካ ሰው እጁ ባዶ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተርም ያስነጥሳል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ከበሮ ይቀመጥ። መብራቱ ሲሄድ ከበሮውን አውጥቶ ለሚችል ሰው የሰጠ ዲጄ ሰርጉን አያቋርጥም። እንዲያውም ያኔ ነው አሮጌው ጥበብ የሚመለሰው። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ አውራጁ ቢስት እንኳ ተቀባዩ ይሸፍንለታል። ዲጄው በፍርሃት የሚሠቃየው ተቀባይ እንደሌለው ስለሚያስብ ነው። ዳሱ ሙሉ ግን ተቀባይ ነው። የሚያስፈልገው ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን ከፍቶ፣ አዝማቹ ላይ ድምፁን ቀንሶ ለሕዝቡ መተው ነው።

ልምምዱም በደረጃ ይሁን። የቅኔ ቤት ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አይቀኝም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ለብቻው ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይናገራል፣ ይታረማል፤ በበዓል ቀን ጉባኤ ፊት የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። የዲጄውም ጉባኤ ቃና የጓደኛ ልደት፣ የምርቃት ድግስ፣ ወይም ከነባር ዲጄ አጠገብ ቆሞ ሰው ምሳ እየበላ ሳለ የሚያጫውታት ግማሽ ሰዓት ናት። ሰርግ የሌለበት ክረምት ለዚህ ነው የተሰጠው።

እንዲህ የተዘጋጀ ሰው ዕድል ሲመጣ ይደርስባታል። ማሕሙድ አሕመድ በአዲስ አበባው አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ተራ ሥራ የሚሠራ ወጣት ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. አንድ ምሽት የክብር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ሲቀር እሱ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቃል። አልፈራ ይሆን? ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ዘፈኖቹን ግን ያውቃቸው ነበር። ከውጭም ብንወስድ የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው ነሐሴ 11 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. የ18 ዓመቱ ዲጄ ኩል ኸርክ በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ እህቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ያጫወተበት ቀን ነው። ቤተሰብ ባለበት፣ ጎረቤት በሚያውቀው ቤት። ሮፍናንም ቢሆን የአገር ቤቱን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ያዋሐደበትን «ነጸብራቅ»ን በ2018 እ.ኤ.አ. ከማውጣቱ በፊት ዲጄ ነበር። ከዲጄ ጠረጴዛ ጀርባ የቆመ ሰው የአገሩን ድምፅ ወዴት ሊያደርሰው እንደሚችል ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

የቀረው የልጁ ዕዳ አይደለም። ደጋሹ ዋጋውን አስቀድሞ ተነጋግሮ ይክፈል፤ በምርቃት ብቻ አይሸኘው። የስፒከሩን ቦታ ከሽማግሌዎቹ ጆሮ ራቅ አድርጎ ያመቻችለት፤ ልጁ ባልሠራው ጥፋት እንዳይሰደብ። «ይሄን ቀይር፣ ያንን ክፈት» የሚለው የሰከረ ወዳጅ ጠረጴዛው ጋ እንዳይደርስ አንድ ሚዜ ይመደብ። ምግቡ ሲቀርብ እሱም አይረሳ። ሽማግሌዎች ሙሽሮቹን ሲመርቁ የልጁንም እጅ ይመርቁ፤ የአዝማሪን ንቀት ከአንድ ምርቃት በላይ የሚሽር ነገር የለም።

በመጀመሪያው ሰርግ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ እንግዳውን አክብሮ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሕዝቡን ከናቀ ዲጄ ሕዝቡን የፈራ ይሻላል፤ የፈራው ይለምዳል፣ የናቀው ግን አይማርም። ድምፁ ድንገት የተቋረጠ ዕለትም ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ዞሮ ከማፍጠጥና ከመሳቅ ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ልጁ ቀጣዩን ዘፈን እስኪያስገባ ድረስ ጭብጨባውን ይያዝለት።