ፊርማችን ለየትኛው አደጋ ነው?



ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ስለ ተነበበው ወረቀት ያልሰማ አለ ብለን አንገምትም። ላልተገኛችሁ ግን ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። ለሰፈራችን «ለአደጋ ጊዜ ዝግጅትና ለሕዝብ ጸጥታ» ተብሎ የመንግሥት ድጎማ ሊጠየቅ ነው። በገንዘቡ በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ ካሜራ፣ በዋናው መግቢያ ታርጋ የሚያነብ መሣሪያ፣ በአጥሩ ላይ ደግሞ መብራት ይተከላል። እኛም እንደ ነዋሪዎች ማኅበር «እንደግፋለን» ብለን እንድንፈርም ተጠይቀናል። ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነው፤ ሦስቱንም ደጋግመን አነበብን። እሳት የሚል ቃል የለበትም። ጎርፍ የሚል የለበትም። ጋዝ የሚልም የለበትም። «ሥጋት» የሚለው ቃል ግን አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ቆጥረነዋል።

እኛ ወረቀቱ እንዲህ እንዳለ አንፈርምም እንላለን። ለምን እንደሆነ በግልጽ እናስረዳለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የምንኖረው በነሱ አገር ስለሆነ ይቅርታ አንጠይቅም።)

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሌባ የለም አላልንም። ከመካከላችን ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ሌሊት ከመኪናው ሥር ካታሊቲኩን ቆርጠው ወስደውበት ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀምጧል። የሃይማኖት ቤቶችም ያለ ምክንያት አልፈሩም። በ2015 ቻርልስተን ውስጥ 9 ሰዎች ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ተገደሉ፤ በ2018 ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች ተገደሉ። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድና ለምኩራብ ጥበቃ የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ ከ2005 ጀምሮ አለ፤ ሊኖርም ይገባል እንላለን። እሱም ቢሆን ጉድ አለበት፤ ገንዘቡ የሚከፈለው መጀመሪያ ከኪስ አውጥተው ሠርተው ደረሰኝ ላቀረቡት ነው። ሀብታም ደብር ይችለዋል። በኪራይ አዳራሽ የሚቀድስ ደብር ከየት ያመጣል? ይህ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። አደጋ ማለት ምን ማለት ነው? ዝግጅትስ ለማን?

ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንይ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በ2002 ሕግ አውጥቶ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤትን አቋቋመ። ሰዉ ፊማ የሚለው፣ ጎርፍና አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሚደርሰው ድርጅት፣ በማርች 2003 በዚሁ መሥሪያ ቤት ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ለዝግጅት ወደ ስቴትና ወደ ከተማ የሚወርደው ገንዘብ ትልቁ በር ሽብር ሆነ። በሩን የሚከፍተው ቃል እሱ ነውና አመልካቹም ቃሉን ተማረ፤ መብራት የፈለገ «ሥጋት» ይላል፣ መኪና የፈለገም «ሥጋት» ይላል። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ መጣና ግድቡ ፈርሶ የኒው ኦርሊንስን ከመቶ ሰማንያ እጅ ውኃ ዋጠው። ሽብርተኛ አልነበረም፤ ውኃ ነበር።

እንዲያው ለወሬ እንዳይመስልባችሁ ሁለት ነገር እንንገራችሁ። በኒው ሃምፕሸር ስቴት ኪን የምትባል ሃያ ሦስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። በዓመት አንድ ጊዜ የዱባ በዓል ታከብር ነበር። በ2012 በደኅንነት ድጎማ ወደ 286 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ብረት ለበስ መኪና ተፈቀደላት፤ በማመልከቻው ላይ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የዱባ በዓል ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የኦክላሆማው ሴናተር ቶም ኮበርን የድጎማውን አወጣጥ መርምረው ሪፖርት አወጡ። ሚሺጋን ውስጥ በዚህ ገንዘብ 13 የበረዶ ከረሜላ ማሽኖች ተገዝተው ተገኙ፤ ሙቀት ለመታው ሰው ይጠቅማል ተባለ። ሳን ዲዬጎ ላይ ደግሞ በድጎማው የመግቢያ ክፍያ በተፈቀደበት የጸጥታ ጉባኤ ከመቃብር የተነሡ ሙታንን የመዋጋት ትርኢት ታይቷል። ሴናተሩ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ስለዚህ «ይህ የግራዎች ወሬ ነው» የሚለን እዚህ ላይ አፉን ይያዝ።

አንዳንድ ወገኖች «ያ የድሮ ነው፣ ተስተካክሏል» ይሉናል። በ2007 የወጣው ሕግ ከዚህ ድጎማ ቢያንስ 25 በመቶው ፖሊስ ሽብርን ለመከላከል ለሚሠራው ሥራ እንዲውል ያዛል። በ2023 መሥሪያ ቤቱ ዝቅተኛውን መጠን ወደ 35 በመቶ አሳደገው። ለእሳት፣ ለጎርፍ፣ ለሙቀት እንዲህ ያለ ዝቅተኛ መጠን የተቆረጠለት የለም። የቀረው ገንዘብ ለማንኛውም ይውላል ይባላል፤ ማንኛውም ማለት ደግሞ ደፍሮ የጠየቀ ማለት ነው። ሳንጠይቅ የቀረነው እኛ ነን።

እስቲ አሁን እንደኛ ባለ ሰፈር ሰው የሞተው በምን እንደሆነ እናስታውስ።

በኦገስት 10 ቀን 2016 ሌሊት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ፍላወር ብራንች የሚባለው አፓርታማ በጋዝ ፍንዳታ ፈረሰ። 7 ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ከስድሳ በላይ ነዋሪዎች ሆስፒታል ገቡ። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ምክንያቱን አገኘው፤ ምድር ቤት ያለው የጋዝ መቆጣጠሪያ ትርፉን ወደ ውጭ የሚያስወጣበት ቧንቧ አልተገጠመለትም ነበር። የተለያየ አንድ ቧንቧ ነው እንግዲህ። ቦርዱ ከዚያ በኋላ በየቤቱ ጋዝ ሲያፈስ የሚጮህ መሣሪያ እንዲኖር መከረ። እስቲ ከእኛ ቤት በማን ቤት አለ? ተጠያየቅን፤ ከጠየቅናቸው መካከል አለኝ ያለ አንድም አልተገኘም።

በሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ዝናብ አወረደ። ሮክቪል ውስጥ ውኃ የአፓርታማ ምድር ቤት ሞልቶ የ19 ዓመት ወጣት ሞተ። በዚያው ሌሊት ኒው ዮርክ ውስጥ 11 ሰዎች በቤዝመንት ቤቶች ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። ቤዝመንት የሚከራየው ማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ስንቶቻችን የመጀመሪያዋን ዓመት እዚያ ነው ያሳለፍነው።

ከሁሉ የባሰብን ግን የብሮንክሱ ነው። በጃንዋሪ 9 ቀን 2022 ባለ 19 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ በሦስተኛው ፎቅ አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እሳት አስነሣች። እሳቱ ከዚያ ቤት ብዙም አልራቀም። የራቀው ጭሱ ነው። ሰዎቹ ሲሸሹ የቤቱ በር በራሱ መዘጋት ሲገባው አልተዘጋም፤ ላይኛው ፎቅ ላይ የደረጃውም በር ሳይዘጋ ቀረ። ጭሱ ደረጃውን ሞላው። 17 ሰዎች ሞቱ፤ 8ቱ ሕፃናት ናቸው። ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ እንደኛው ስደተኞች ነበሩ። በሕንፃው ማስጠንቀቂያው በየጊዜው ያለ ምክንያት ይጮህ ስለነበር ብዙ ሰው «ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ነው» ብሎ ተቀምጦ ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ በዚሁ በሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ረጅም ሕንፃ ሲቃጠል አንዲት ወጣት ሞተች፤ መኖሪያዎቹ ውስጥ ከጣራ ውኃ የሚረጨው መሣሪያ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። ራሳችንን ሳንወቅስ ሌላውን ብንወቅስ ትክክል አይሆንም። ቡና በቆላን፣ ዕጣን ባጨስን ቁጥር የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ምን እናደርጋለን? ወንበር ላይ ወጥተን ባትሪውን እናወጣለን፤ አለዚያም በፌስታል እንሸፍነዋለን። አንዲት እናታችን ነቅለው ከቡና ዕቃው ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ «ልጄ፣ እሱ እኔን እንጂ እሳትን አያውቅም» ነው ያሉን። ሣቅን፤ ኋላ ግን ደነገጥን። የሁለተኛው ፎቅ የደረጃ በር ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በጡብ ተደግፎ ክፍት ነው፤ ዕቃ ለሚያወጣ ሰው እንዲመች። ጡቡን ያስቀመጥነው እኛው ነን። በሩ እንዳይዘጋ ያደረገውን ስፕሪንግ ያልጠገኑት ግን እነሱ ናቸው፤ ሁለቱም መነገር አለበት። አሁን ካሜራው ቢተከል ያንን የተከፈተ በር ቀን ከሌት ጥርት አድርጎ ይቀርፅልናል።

የቋንቋውን ነገር ደግሞ እንጨምር። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በስልካችን የሚመጣው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ከእንግሊዝኛ ሌላ በ13 ቋንቋዎች እንዲዘጋጅ በ2023 ወሰነ፤ በጃንዋሪ 2025 ዝርዝሩን አወጣ። ጣልያንኛ አለ፣ ጀርመንኛ አለ። አማርኛ የለም። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ አይቻልም የሚለን የለም። ለአንድ ካሜራ የሚወጣው ገንዘብ በየደረጃው «እሳት ሲነሣ ሊፍት አትግቡ፣ በሩን ዘግታችሁ ውጡ» የሚል ስንት ወረቀት በአማርኛ፣ በስፓኒሽና በፈረንሳይኛ ያሳትማል?

«አደጋን አስቀድሞ መከላከል ውድ ነው» የሚሉንም አሉ። የአገሪቱ የሕንፃ ሳይንስ ተቋም በ2019 ባወጣው ጥናት አደጋን ለመቀነስ በፌዴራል ድጎማ የሚወጣው አንድ ዶላር ወደፊት ስድስት ዶላር ያድናል ብሏል። ታዲያ ለዚሁ ሥራ የቆመውን ትልቁን የፊማ ድጎማ በኤፕሪል 2025 ዘግተናል አሉ፤ ሃያ ስቴቶች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤትም በመንግሥት ላይ ወሰነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገራችን ሰው።

አንድ ነገር ቀረን፤ እሱን ዝቅ ባለ ድምፅ ልንለው አስበን ነበር፣ ግን ለምን? በ2025 የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ከድጎማው ጋር ስቴቶች ከኢሚግሬሽን አስከባሪዎች ጋር እንዲተባበሩ የሚል ግዴታ አያያዘ። በሴፕቴምበር 2025 ሮድ አይላንድ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ግዴታው ከሕግ ውጭ ነው አለ። ይህ እንግዲህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በመግቢያችን የሚተከለው መሣሪያ የማንን ታርጋ መዝግቦ፣ ለስንት ጊዜ አስቀምጦ፣ ለማን ያሳያል? ጠየቅን። «ዝርዝሩ በኋላ ይታያል» ተባልን። ከፈረምን በኋላ ማለት ነው። ወረቀት ያለውም ወረቀት የሚጠብቀውም በዚህ በር ነው የሚገባው፤ ስማችን ከታች ከተጻፈ ደግሞ አላወቅንም ነበር ማለት አይቻልም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ድጎማ ይጠየቅ። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶችና በእሳት መከላከል ልምድ ያላቸው ማኅበራት ሁለቱም ሊጠይቁት የሚችሉት፣ ለእሳት መከላከልና ለትምህርት የተለየ የፊማ ድጎማ አለ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ ለመትከል ይውላል። እሱ አስቀድሞ ይጠየቅ። የደረጃ በሮች ስፕሪንግ ይጠገን፤ ይህ እንኳ ድጎማ አይጠይቅም፣ የአከራይ ግዴታ ነው። በየቤቱ የጋዝ መጠቆሚያ ይግባ። ማስታወቂያው በቋንቋችን ይጻፍ። የመኪና ማቆሚያው መብራትም ይብራ፤ እሱን አንቃወምም፣ ለታክሲ ነጂው ወንድማችንም ይጠቅማል። ታርጋ አንባቢው ግን ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ሳይነገረን አይተከል። እነዚህ ወረቀቱ ውስጥ ከገቡ እኛ ራሳችን ብዕር ይዘን እንመጣለን።

«የመጣ ገንዘብ አይመለስም፣ አትግፉት» የሚሉን ሽማግሌዎቻችን አሉ፤ እናከብራቸዋለን፣ ስብሰባው ላይ መጥተው ይንገሩን። ስብሰባው ሐሙስ ማታ ከሥራ መልስ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያችሁን ነቅላችሁ መሳቢያ የከተታችሁ ይዛችሁት ኑ፤ ባትሪ እኛ እናመጣለን፣ ከምድጃውና ከቡናው ራቅ አድርጎ የሚሰቅልላችሁ ልጅም አለን። በሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ያለችው ጡብ ዛሬ ጧት ተነሥታለች። መልሶ የሚያስቀምጣት ካለ ለምን እንደሆነ ሐሙስ ይንገረን።